«ይደርሳል» ማለት ምን ማለት ነው?



ምጥ የጠናባት ሴት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ተላከች እንበል። መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ዕድል ይወስነዋል፤ ዳባት ላይ ሰው እስኪሞላ መቆምን ግን የሚመርጠው ሾፌሩ ነው። ሳይቆም ቢያልፍ ከ10 ጊዜ 9ኙን፥ ቢቆም 6ቱን በሰዓቱ ይደርሳል ብለን እናስብ። ታዲያ ለዘመዶቿ የምንሰጠው ዋስትና ስንት ነው? አማካዩ 7 ተኩል አይደለም፤ 6 ብቻ ነው! የሰው ምርጫ እንደ ዕድል አይቆጠርምና፥ በክፉው በኩል መፈተን አለበት። ሩሲያዊው ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1906 የጀመረው የዕድል ሰንሰለት ስሌት ዛሬ የኮምፒውተር ሥራ የሚመረመረው በዚሁ መንገድ ነው። ዳባት ላይ መቆም ቢከለከል ዋስትናው 9 ይሆናል። ስለዚህ «ይደርሳል» ሲሉን፥ «እስከ ስንት ሰዓት? ከ10 ስንቱን? ሾፌሩስ ቢቆም?» ብለን እንጠይቅ።