በደነዘዘ እጅ ላይ ያለ ሕመም



ስለ ሥጋ ደዌ የተማረ የሕክምና ባለሙያ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ድንዛዜን ነው። የገረጣው ቆዳ በጥጥ ሲነካ አይሰማም፤ እጅ የጋለ ድስት ጨብጦ ይቃጠላል፤ እግር በእሾህ ተወግቶ ያመረቅዛል፤ ባለቤቱ ግን አያውቅም። ይህ ትምህርት እውነት ነው፤ ብዙ ጣትና ብዙ እግር አትርፏል። ይሁን እንጂ አንድ የተሳሳተ እምነት አስከትሎ መጥቷል፤ ይኸውም ሥጋ ደዌ የነካው ሰው ሕመም አይሰማውም የሚለው ነው።

ከዚህም የተነሣ ሕክምናውን ከጨረሰ ዓመታት ያለፉት ሰው ተመልሶ መጥቶ «እጄ ሌሊት ሌሊት ይቃጠላል፤ እግሬን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል፤ አንዳንዴም ኮረንቲ እንደ ያዘኝ ይነዝረኛል» ሲል የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ካርዱ ይገለጣል፤ መድኃኒቱን 6 ወር ወይም 12 ወር ወስዶ እንደ ጨረሰ ተጽፏል። ቆዳው ይታያል፤ አዲስ ምልክት የለም። «አይዞዎት፣ ድነዋል» ተብሎ ይሸኛል። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕመሙን ብቻ ይዞ አይደለም። በሽታው አገርሽቶብኝ ይሆን የሚል ስጋት ይዞ ነው። ያንንም ለጎረቤት ቀርቶ ለትዳር ጓደኛ መንገር የሚከብደው ብዙ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ጥምር መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ከመከረ ወዲህ ባሲሉን መግደል የሚቻል ሆኗል። «ዳነ» የሚለው ቃል የተለካው ግን በባሲሉ እንጂ በነርቡ አይደለም። ባሲሉ የሚሰፍረው በነርቭ ውስጥ ነው፤ ባሲሉም ሆነ በእርሱ ላይ የሚነሣው የሰውነት ቁጣ ነርቡን ይጎዳዋል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ማድረስ ያቆማል፤ በአንጻሩ ማንም ሳይነካው ከራሱ የሐሰት መልእክት ይልካል። ስለዚህ በመርፌ ሲወጋ የማይሰማው እጅ ሲቃጠል ሊያድር ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ደንዝዞ እያለ ያቃጥለኛል ሲል የሚጠራጠር ሐኪም ዛሬ ጥቂት ነው። የሥጋ ደዌው ሰው ተመሳሳይ ቃል ሲናገር አለመታመኑ የሚያስገርም ነው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በብራዚል የተደረጉ ጥናቶች ይህ ሕመም ሕክምናቸውን በጨረሱ ሰዎች ላይ እንደሚገኝ አረጋግጠዋል።

ለመስማት እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የካርዱ ቋንቋ ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 የሕመም መጠይቁን ሲያወጣ፣ የደከመው ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ለይቶ ለመመደብ ነበር። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይወጋል፣ ይነዝራል፣ ይቆረጥማል፣ ይፈልጣል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ስሜት አለው። «ይቆረጥመኛል» የሚለው ሐኪሙን ወደ አጥንትና መገጣጠሚያ ሲመራው፣ «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» የሚለው ወደ ነርቭ ያመለክተዋል። ይህ ሁሉ ግን ካርድ ላይ ሲደርስ «ፔይን» በምትባል በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዋጣል። ሕመምተኛው የተናገረው ቃል እንዳለ በአማርኛ ቢጻፍ የሚቀጥለው ሐኪም ብዙ ነገር ባገኘበት ነበር።

የሕመምን ነገር የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው ያመኛል ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ከ3 ወር በላይ ለቆየ ሕመም የራሱን መለያ ሰጥቶታል።

ቃሉን ማመን ግን ምርመራን አይተካም። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነርቡ ዛሬም እየተቆጣ መሆን አለመሆኑ ነው። በክርንና በጉልበት አጠገብ ያሉት ነርቮች ይዳሰሳሉ፤ የጡንቻው ጉልበትና የቆዳው ስሜት ከቀድሞው ጋር ይመዛዘናል። ጉዳቱ ከ6 ወር ወዲህ የመጣ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን በቶሎ ሊጀመር ይገባል፤ በዚህ ጊዜ መዘግየት እጅን ያሳጣል። ነርቡ ጸጥ ብሎ ሕመሙ ብቻ የቀጠለ እንደሆነ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። በየቀጠሮው የሚሰጠው ዲክሎፌናክ ለእንዲህ ያለው ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ሲረዝም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አሚትሪፕቲሊን፣ ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ብዙዎችን ያሳርፋል። ለአረጋዊና ለልብ ሕመምተኛ ጥንቃቄ ያሻዋል። በዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ ካልተነገረ መድኃኒቱ ሳይዋጥ ይቀራል። ሕመምተኛው ከመድኃኒት ቤት ወይም ከዘመድ «ይህ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ሐኪሙ ሕመሙን እንደ ቅዠት ቈጥሮበታል ብሎ ያዝናል። መድኃኒቱ ለድባቴ የተሠራ ቢሆንም የነርቡን የሐሰት መልእክት ስለሚያለዝብ እንደ ታዘዘ፣ አፍ እንደሚያደርቅና እንቅልፍ እንደሚያበዛ፣ ጥቅሙም ከሳምንታት በኋላ እንደሚታይ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። የደነዘዘውን እጅና እግር ከእሳትና ከእሾህ የመጠበቁ ምክርም በዚያው ቀን አብሮ ይሰጣል፤ ሕመሙ መኖሩ ድንዛዜውን አላስቀረውምና።