ስለ ራግቢ ሊግ የዓለም ዋንጫ አደላደል



ዐሥራ ስድስት ቡድኖች ለራግቢ ሊግ የዓለም ዋንጫ ቢቀርቡ እንዴት ይደልደሉ? ሁሉም ከሁሉም ይጋጠሙ ቢባል 120 ግጥሚያ ይሆናል፤ ይህን የተጫዋች አካል አይችለውም። የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበት ቢባል 15 ይበቃል፤ ነገር ግን አንድ ክፉ ቀን የብዙ ዓመት ድካም ያጠፋል።

በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በተደረገው ውድድር ወንዶቹ አራት አራት ሆነው በምድብ ተከፈሉ፤ ጥሎ ማለፉ ተጨምሮ ግጥሚያው 31 ሆነ። ሳሞአ በመክፈቻው በእንግሊዝ 60 ለ6 ተሸነፈች። ሆኖም ሁለት የምድብ ግጥሚያ ቀርቷት ነበርና ሁለቱንም አሸንፋ አለፈች፤ በግማሽ ፍጻሜም ያንኑ የእንግሊዝ ቡድን 27 ለ26 ረታች።

ስለዚህ ደንብ አውጪ ሁሉ የወደቀውን ለማሰናበት አይቸኩል፤ የሚነሣበትን ሁለተኛ ቀን ይስጠው።