ስለ እርጉዝ ሴት ማዕድና በማኅፀን ስላለው ልጅ ጤና

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከመጋቢት 29 ቀን እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ያለውን ዘመነ ፅንስ ሲቈጥሩ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይላሉ፤ ይኸውም 275 ቀን ነው። በዚህ ላይ ሁለት የጡት ዓመት ቢጨመርበት 1000 ቀን ያህል ይሆናል። የዚህ ዘመን ሐኪሞችም በሌላ መንገድ ሄደው ወደዚሁ ቍጥር ደርሰዋል፤ የሰው አካልና አእምሮ መሠረቱ የሚጣለው በነዚህ 1000 ቀኖች ውስጥ ነው ብለው ያስተምራሉ።

ነገሩ ለመጽሐፍ ሰው እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት መልአኩ ለማኑሄ ሚስት በተገለጠላት ጊዜ፥ ስለሚወለደው ስለ ሶምሶን ብቻ ነግሯት አልሄደም፤ እርስዋ ራስዋ ከምን መጠጥና ከምን መብል እንደምትጠበቅ አዘዛት እንጂ። ልጁ ገና ሳይፀነስ ሥርዓቱ ከእናቱ ማዕድ ጀመረ ማለት ነው።

የዓለም ሊቃውንት ይህን የተረዱት በመከራ ነው። በ1937 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊፈጸም ሲል ጀርመኖች የሆላንድን አገር ምዕራብ ክፍል ስንቅ ከለከሉት፤ ለአንድ ሰው በቀን የሚሰፈረው ምግብ ከሚያስፈልገው እኩሌታ በታች ወረደ። ረኀቡ የቈየው ጥቂት ወራት ነበረ። በዚያን ጊዜ በማኅፀን የነበሩት ልጆች ግን 50 ዓመት በሆናቸው ጊዜ ቢመረመሩ፥ የስኳር በሽታ ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ተገኘባቸው፤ በፅንስ መጀመሪያ ረኀቡ ያገኛቸው ደግሞ የልብ ሕመም ጸናባቸው። ከነዚህም መካከል ሲወለዱ ክብደታቸው ያልጐደለ ነበሩ፤ ስለዚህ ሕፃኑ ወፍራም ሆኖ ተወልዷልና ምንም አልተጐዳም ማለት አይቻልም። በእንግሊዝ አገርም በሄርትፎርድሺር አዋላጆች በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1911 ጀምሮ የሕፃናትን ክብደት በመዝገብ ይጽፉ ስለ ነበረ፥ ዴቪድ ባርከር የሚባል ሐኪም ከጓደኞቹ ጋራ መዝገቡን አግኝቶ መረመረው፤ በ1989ም ትንሽ ሆነው የተወለዱት ወንዶች በልብ በሽታ ይበልጥ እንደ ሞቱ ገለጠ። ምክንያቱንም ሲናገሩ፥ ፅንሱ ምግብ ሲያጥረው አንጐሉን ለማዳን ከሌላው ሕዋስ ይቀንሳል፤ ኩላሊቱና ጣፊያ አጠገብ ያለው ስኳርን የሚገዛው ዕጢ በጐደለ መጠን ይሠራሉ፤ የጐደለውም ኋላ በጥጋብ አይሞላም ይላሉ።

ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው ምድር ጤፍና ስንዴ፥ ባቄላና ሽምብራ የሚበቅልበት ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀጨጨ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ጐተራ ባለበት አገር ይህ ከወዴት መጣ? የድህነቱ ነገር የታወቀ ነው። የቀረው ግን ከማዕዱ ሥርዓት ይመጣል። እናት የምትበላው ባልና እንግዳ ከበሉ በኋላ ነው። ለዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ቍራሽ የማትነሣው ያቺው ሴት ለራስዋ ትነፍጋለች። በአንዳንድ ስፍራም እርጉዝ ሴት ብዙ ብትበላ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናል፤ ወተት ብትጠጣ በልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። በተወለደ ሕፃን ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን የጠጣችው ወተት አይደለም፤ ቆዳውን እንዲጠብቅ በተፈጥሮ የተሰጠ ልብስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለካህናት የሚመለከተው የጾም ነገር ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ደዌ ያለበትን ሰው ከግዴታ ያወጣዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም እርጉዝንና አራስን፥ ከ7 ዓመት በታች ያለውንም ሕፃን እንዲጾሙ አታስገድድም። ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ እናቶች የሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ውኃ እየቀዱ፥ እንጨት እየለቀሙ ይጾማሉ። አንዳንዲቱ በፍቅረ እግዚአብሔር፥ አንዳንዲቱም የጎረቤት አፍ ፈርታ ነው። የንስሐ አባትዋም ዝም ካለ ዝምታው እንደ ትእዛዝ ይቈጠርባታል፤ ይህ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም ከባዱ ነገር።

የጾም ምግብ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ምስርና ሽሮ፥ ጎመንና ሱፍ ታላቅ ምግብ ናቸው፤ የጤፍ እንጀራም ሲቦካ በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይቀላል። ነገር ግን ደምን ከሚሠሩት አንዱ ቢ12 የሚባለው ቪታሚን በእህል አይገኝም፤ በወተት፥ በእንቁላልና በሥጋ እንጂ። እርጉዝ ሴት ደምዋ እስከ እኩሌታ ድረስ ስለሚጨምር ብረት ይፈለጋል፤ ምግብ እንደ በሉ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ያግዳል፤ ቡናው ጥቂት ቢቈይ ይሻላል። ከባሕር የራቀ ደጋ አገር አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ያወጣል፤ በማኅፀን ያለውንም ልጅ አእምሮ ይጐዳል፤ አዮዲን ያለበት ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። የሕፃኑ የአከርካሪና የአንጐል ቧንቧ የሚዘጋው በፅንስ በ28 ቀን ውስጥ፥ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ሳታውቅ ስለ ሆነ፥ ፎሊክ የሚባለው መድኃኒት ከፅንስ አስቀድሞ ቢጀመር መልካም ነው። በጤና ጣቢያም ከብረት ጋራ ይሰጣል። እርጉዝ በቀን አንድ ማዕድ፥ የምታጠባ ሁለት ማዕድ ትጨምር። ገና አጥንትዋ ያልጠና ልጃገረድ ያረገዘች እንደ ሆነ ግን ሁለት የሚያድጉ አካላት በአንድ ገበታ ይሻማሉ፤ ጋብቻን የሚባርክ ካህን ሕጉ የሚለውን 18 ዓመት መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ የንስሐ አባት ከቅበላ አስቀድሞ ከንስሐ ልጆቹ መካከል ያረገዘችውንና የምታጠባውን ለይቶ፥ ቤትዋ ሄዶ በአፉ ይንገራት፤ አትጹሚ፥ ብዪ፥ ጠጪ፥ ስለ ጾሙ ፋንታ ጸሎትና ምጽዋት ይበቃሻል ይበላት። ይህንም ለእርስዋ ብቻ አይናገር፤ ባልዋና አማትዋ ባሉበት ይናገር፤ የቅቤው ማሰሮና የወተቱ ቅል ያለው በእነርሱ እጅ ነውና።