የተቆጣ አንጎል ወይስ ያልነቃ ዘበኛ? ብግነት፣ ዘረመልና የአልዛይመር በሽታ



ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ዓመት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከክፍል በኋላ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቱ የልጆቻቸውን ስም መዘንጋት ጀምረዋል። «መምህር፣ የአልዛይመር መነሻ የአንጎል ብግነት እንደሆነ አነበብሁ። ታዲያ እናቴ ፀረ-ብግነት መድኃኒት ብትወስድስ? እኔስ ዘረመሌን ልመርመር?» አለኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር።

ብግነት ማለት ቁስል «ተቆጣ» ስንል የምንገልጸው ነው፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ያማል። በአልዛይመር የተያዘ አንጎል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምልክት በዓይን አይታይም። በዚያ የሚቆጡት ማይክሮግሊያ የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ለአንጎል ዘበኛም ጽዳት ሠራተኛም ናቸው፤ የሞተውን ሕዋስና የተከማቸውን ፕሮቲን ይውጣሉ፣ አደጋ ሲሰማቸውም ኢንተርሉኪንን የመሳሰሉ ኬሚካላዊ መልእክቶችን ያሠራጫሉ። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በቱቢንገን ከተማ የአንዲት ታማሚውን አንጎል ለባልደረቦቹ ከገለጸ በኋላ የተመራማሪዎች ዓይን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያረፈው በአሚሎይድ ክምችትና በታው ቋጠሮ ላይ ነበር። ማይክሮግሊያ እሳቱ ካለፈ በኋላ የሚደርሱ ጎረቤቶች ተደርገው ይታዩ ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢንተርሉኪን-1 በታማሚዎች አንጎል ውስጥ በዝቶ መገኘቱ ሲታወቅ ነገሩ ተለወጠ። ተመራማሪዎች የኢንተርሉኪን-1፣ የኢንተርሉኪን-6ና የቲኤንኤፍ ዘረመሎችን እየመረጡ ጥቂት መቶ ታማሚዎችን ከጥቂት መቶ ጤነኞች ጋር ማወዳደር ያዙ። አንዱ ጥናት ዝምድና አገኘ፤ ቀጣዩ አላገኘም፤ ሦስተኛው ተቃራኒውን አገኘ። እኔም በተማሪነቴ እነዚህን ጽሑፎች በታላቅ ጉጉት እየሰበሰብሁ አነብ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹን ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ለጥንቃቄ ትምህርት ነው። ዘረመሉን የመረጠው ግምት፣ ናሙናውም ትንሽ ከሆነ አጋጣሚ እንደ ግኝት ሊቆጠር ይችላል።

ግምቱን የተወው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2009 ፍሬ አሳየ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሙሉ ጂኖም ያለ ቅድመ ምርጫ ያሰሱ ጥናቶች ሲአር-1 የተባለውን የመከላከያ ሥርዓት ዘረመል አወጡ፤ ሲዲ-33 ተከተለ። ከዚያም በአይስላንድና በሌሎች አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ትሬም-2 በተባለው የማይክሮግሊያ ዘረመል ላይ ያለ አንድ ብርቅ ልዩነት የበሽታውን ስጋት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳዩ። ብግነት የበሽታው ጭስ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ከዚህ በኋላ መቆም አልቻለም፤ ሰው ይዞት የሚወለደው ዘረመል በሽታው ከመጀመሩ በፊት ያለ ነውና።

ዋናው ነጥብ ግን የውጤቱ አቅጣጫ ነው። ያ የትሬም-2 ልዩነት ማይክሮግሊያን ይበልጥ አያስቆጣም፤ ያዳክማል እንጂ። የተዳከሙት ሕዋሳት የአሚሎይዱን ክምችት በሚገባ አይከቡትም። ሁለቱም የትሬም-2 ቅጂዎቻቸው የተበላሹባቸው ሰዎችማ ናሱ-ሃኮላ በተባለው በሽታ ገና በጎልማሳነታቸው አእምሯቸው ይታወካል፣ አጥንታቸውም ይጎዳል። ሲዲ-33 በአንጻሩ ፍሬን ነው፤ ፍሬኑን የሚያላላው ልዩነት ስጋትን ይቀንሳል። ስለዚህ «ብግነት መጥፎ ነውና እናጥፋው» የሚለው አስተሳሰብ ዘበኛው ስለጮኸ ዘበኛውን ማባረር ይሆናል። በእርግጥ ዘበኛው ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲጮኽ ጤነኛውን ሕዋስም ይጎዳል፤ ጥያቄው መቼ፣ ምን ያህል የሚለው ነው።

ክኒኑም ተሞክሯል። ሩማቶይድ የተባለ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች በአልዛይመር ብዙም እንደማይያዙ ከታየ በኋላ፣ በአሜሪካ በሽታው በቤተሰባቸው ያለባቸው ከ2,500 በላይ አረጋውያን በናፕሮክሰንና በሴሌኮክሲብ ሙከራ ተሳተፉ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ለልብ በተፈራ ጉዳት ምክንያት ተቋረጠ፤ ከበሽታው የሚጠብቅ ሆኖም አልተገኘም። ለተማሪዬ እናት የጨጓራና የኩላሊት ጉዳት ብቻ ይተርፋቸው ነበር።

የምርመራው ጉዳይ ይበልጥ ያስቸግረኛል። በአዘቦት የአልዛይመር ዓይነት ከሁሉ የሚበረታው የተለመደ የዘረመል ስጋት አፖ-ኢ4 ነው። አንድ ቅጂ ስጋቱን ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል ይባላል፤ ይህ ቁጥር ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ የተገኘ ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በተካሄደው ንጽጽር፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑ ዮሩባዎች ዘንድ በዓመት በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት 1.15 በመቶ ሲሆኑ በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ 2.52 በመቶ ነበሩ። አፖ-ኢ4 በዮሩባዎች ዘንድ እምብዛም ብርቅ አይደለም፤ ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና ግን ደካማ ሆኖ ታይቷል። ታዲያ ተማሪዬ ውጤቱን ይዞ ቢመጣ በየትኛው ሠንጠረዥ አነብለታለሁ? በአውሮፓውያኑ ባነብለት ያለ ምክንያት ላስደነግጠው እችላለሁ።

ዛሬ ብጠየቅ በቅድሚያ የምለው ሌላ ነው። እናትህን ወደ ሐኪም ውሰዳቸው፤ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ-12፣ የደም ግፊትና የድብርት ምርመራ ይደረግላቸው፤ መስማታቸውም ይታይ። እኛ «ጃጅተዋል» ብለን የምንተዋቸው አረጋውያን አንዳንዶቹ ሊታከም የሚችል ችግር ያለባቸው ናቸው። የዘረመሉን ምርመራ አልከለክለውም፤ ግን ውጤቱ ስለ እርሱ የሚነግረን ጥቂት መሆኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል። ስለ ትሬም-2 አሠራር የምትጠይቁ ሰሌዳው አጠገብ ያለውን ሥዕል ብታዩት ይረዳችኋል።