ከደጋ እስከ ወጣቶች ደሴት

አንደኛ አቅራቢ፦ በ1971 ዓ.ም. ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ በኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ወላጅ ያጡ ነበሩ። ጦርነቱ ከሐረርጌ አልፎ የባሌን ቆላ አዳርሷል፤ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ያኔ ጎባ ነበረች።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ማረፊያቸው ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል የነበረው የኩባ የወጣቶች ደሴት ነበር። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ተማሪዎችም እዚያው ይማሩ ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ ቀኑ ለሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ በክፍል ውስጥ፣ ግማሹ በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ላይ ያልፍ ነበር። ትምህርቱ በስፓኒሽ ስለሚሰጥ መጀመሪያ ቋንቋው ይጠና ነበር። አማርኛ እንዳይረሳ ግን ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረው ነበሩ፤ ይህ አስተዋይነት ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የአየሩ ለውጥም ቀላል አልነበረም። የባሌ ደጋ ከተሞች ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣሉ። በገብስ ማሳ መካከል፣ በጠዋት ውርጭ ጋቢ ተከናንቦ ላደገ የደጋ ልጅ የደሴቱ ወበቅ ሌላ ዓለም ነበር። በእንጀራ ፋንታ ሩዝና ጥቁር ባቄላ ይቀርብ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ናፍቆት ነበር። የዛሬ የተማሪዎች ልውውጥ ጉዞ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ይቆጠራል፤ የእነዚህ ልጆች ቆይታ ግን ዓመታትን የፈጀ፣ የልጅነት ዕድሜን የወሰደ ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ ከመካከላቸው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ ገና ኩባ የነበሩም ነበሩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ትዝታቸው ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል።