ርካሹ ማንዶሊንና የልጆቻችን ጣቶች
(በማኅበራችን ኢዮቤልዩ የቤተሰብ ቀን፣ ናይሮቢ፣ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በበርበሬና በሽሮ ነው። ጊታር ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፤ በየሠርጉ ያያችሁኝ አላችሁ። ኮሚቴያችን ለቅዳሜ የልጆች ትምህርት የሙዚቃ መሣሪያ ልግዛ ብሎ ሲመክር፣ ጊታር ለትንንሾቹ ይገዝፋቸዋል፣ ርካሽ ማንዶሊን ብንገዛስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ዐሥር ለመግዛት ታስቦ፣ በቅድሚያ አንዱ መጣና ሦስት ሳምንት እንድሞክረው ተሰጠኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያገኘሁትን ነው።

ማንዶሊን ትውልዱ ጣሊያን ቢሆንም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አንጋፋው አየለ ማሞ ስሙን ያስጠራው በዚሁ መሣሪያ ነው። የጥንቱ የናፖሊ ማንዶሊን ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ ነበር። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለው ነው፤ መነሻውም አሜሪካዊው ኦርቪል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ፓተንት ያወጣበት አሠራር ነው።

ስምንት ክሮች አሉት፤ ሁለት ሁለቱ በአንድ ድምፅ ስለሚቃኙ አራት ጥንድ ናቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፤ ልክ እንደ ቫዮሊን። የጊታር አራቱ ወፍራም ክሮች ደግሞ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ናቸው። ያው ተገልብጦ ማለት ነው! የለመድኳቸውን ኮርዶች በጭንቅላቴ እየገለበጥኩ ሁለት ምሽት አደርኩ። የክሩ ርዝመት ጊታር ላይ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ማንዶሊን ላይ 35 አካባቢ ነው። እንደ እኔ ጣቱ የወፈረ ሰው ይጠበዋል፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ልኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሣሪያው ከካርቶኑ እንደ ወጣ ሊጫወቱበት የሚቻል አልነበረም። ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ ማኅደሩም አለ፤ ነገር ግን ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ስለተቀመጡ፣ በጊታር የደነደነው ጣቴ እንኳ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተቃጠለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድምፁ ነው። ክሩን ሳትነኩት ስትመቱት የሚሰጠው ድምፅ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ስትመቱት አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ያው ሆኖ መምጣት አለበት። ይኼኛው ግን አልፎ ይሄዳል። ሚዛኑ እንደ ተዛባ ሱቅ አስቡት፤ ገዢው ምንም ቢጠነቀቅ ኪሎው ኪሎ አይሆንም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክሮቹ የሚያርፉባት ብሪጅ የምትባለው እንጨት ማንዶሊን ላይ በማጣበቂያ አትያዝም፤ የሚይዛት የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። በመንገድ ወደ አንገቱ ተንሸራታ ነበር። ክሮቹን ትንሽ አላልቼ፣ ብሪጇን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጭራው ገፋኋትና ድምፁ ተስተካከለ። በግራና በቀኝ ያሉትን ትንንሽ ጎማ መሳይ ብሎኖች አዙሬ ክሮቹን ዝቅ አደረግሁ። ከመቃኛዎቹ በታች ያሉትን የክር ማሳለፊያ ፈለጎች ግን ራሴ አልነካሁም፤ ጊታር የሚጠግን ባለሙያ በጥሩ ሞረድ አስተካከለልን። (ወላጆች ልብ በሉ፤ ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካወጣችሁ ብሪጇ ትወድቃለች።)

ከዚያ በኋላ ትዝታን ሞከርኩ። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ፤ አምስቱም ከመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶች ሳይወጡ በሁለቱ ወፍራም ጥንዶች ላይ ይገኛሉ። ድምፁ እንደ ማሲንቆ አይረዝምም፣ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ በፒክ ወደ ታችና ወደ ላይ ቶሎ ቶሎ እየመቱ ማቆየት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሆና የሰማች የጎረቤት ልጅ፣ አማርኛ ብዙም የማትናገር፣ «ይኼ እማዬ የምታንጎራጉረው ነው» አለችኝ።

አንድ የማከብራቸው አባት በስብሰባው ላይ፣ «ልጆቹ በርካሹ ይጀምሩ፤ የወደደ ልጅ ሲገኝ ያኔ ጥሩውን እንገዛለታለን» ብለው ነበር። አሳባቸው ደግ ነው። ግን ባልተስተካከለ መሣሪያ ማን ወዶ ይገኛል? እኛ ስናየው ጥፋቱ የእንጨቱ መሆኑን እናውቃለን። ልጁ አያውቅም። «ጣቴ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከእርሱም ጋር ቅኝቱን ያስቀምጠዋል። እዚህ አገር ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ባቲና አምባሰል የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት የለም።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ዐሥር ሳይሆን ስድስት እንግዛ። በቀረው ገንዘብ እያንዳንዱን ባለሙያ ያስተካክለው፤ ትርፍ ክር፣ በተለይ ቶሎ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሚ፣ ይገዛ፤ ሁለት የመቃኛ መሣሪያም ይጨመር። ዐሥሩ በሪፖርት ላይ እንደሚያምር አውቃለሁ። አራቱ ልጆች ተራ መጠበቃቸው ያሳዝነኛል፤ ዐሥሩም ተስፋ ቆርጠው ከሚሄዱ ግን ይሻላል እላለሁ። ድምፁ ቀጠን ያለ መሆኑን፣ መቃኛዎቹም እየላሉ በየቀኑ መቃኘት እንደሚፈልጉ አልደብቃችሁም። በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

የሞከርኩት ማንዶሊን በመግቢያው በኩል ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተቃኝቷል። ልጆች፣ ከምሳ በፊት እየመጣችሁ ምቱት፤ እኔ እዚያው ነኝ።