ጣሪያው ከመታደሱ በፊት እህሉ ይውጣ
(ስለ ኮምፒውተር እድሳት በራዲዮ ከተሰጠ ትምህርት የተገለበጠ)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኮምፒውተር ነው። «እኔ ገና ማንበብ መጀመሬ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው። ኮምፒውተር ባይኖራችሁም ስማችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከሶዶ እስከ ቦዲቲ፣ ከአረካ እስከ ሁምቦ ያሉትን መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት አስቡ። የቁጠባችሁ ሂሳብ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስረከባችሁት እህል፣ የልጃችሁ የፈተና ውጤት ቀድሞ በወረቀት መዝገብ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ብዙው በኮምፒውተር ይጻፋል። መዝገቡ ከጠፋ «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» የሚል ክርክር ይነሣል። ማስረጃ የሌለው ሰው ደግሞ እውነት ይዞ ይረታል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው ፊደል ሲቆጥር የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ምን ነበር? ሳያነብ አለመፈረሙ ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው። የሚያነብ ሰው መዝገቡ የት እንዳለ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኮምፒውተር ሲበራ በውስጡ ሌሎቹን ሥራዎች ሁሉ የሚያስተናብር ፕሮግራም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በብዙ መሥሪያ ቤት ያለው ዊንዶውስ የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም በየጊዜው ይታደሳል። እድሳቱን ባለሙያዎች አፕዴት ይሉታል።

ለምን ይታደሳል? የሣር ቤት ጣሪያ ለምን ይታደሳል? ቀዳዳ ስላገኘ ነው። ካልተደፈነ ዝናብ ይገባል። በኮምፒውተሩ ቀዳዳ የሚገባው ደግሞ ቫይረስና ሌባ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የዊንዶውስ ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት የአንድ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ብዙዎች ሳያድሱ ቆዩ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገባ። ሰነዶችን እየቆለፈ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልከፍትም» አለ። ከ150 በላይ አገሮች ተጎዱ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የበሽተኛ ቀጠሮ ሰረዙ። ስለዚህ «እድሳት ይቅርብኝ» ማለት አያዋጣም።

ነገር ግን ጣሪያ የሚያድስ ገበሬ እህሉን ቤት ውስጥ ትቶ ሣሩን አይነቅልም፤ አይደል? አስቀድሞ እህሉን ያወጣል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። እድሳት መሐል ላይ ሊሰናከል ይችላል። ኮምፒውተሩ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ መዝገብ ግን ከገበያ አይገዛም። እንግዲህ ከእድሳት በፊት የሚደረጉት አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ መዝገቡ ይገልበጥ። ሰነዱ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። መገልበጥ ማለት ቆርጦ መውሰድ አይደለም። ዋናው ባለበት ይቆያል፤ ግልባጩ ወደ ፍላሹ ይሄዳል። ፍላሽ ቫይረስን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ስለሚያመላልስ አስቀድሞ ይመርመር። ከተገለበጠ በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ። ያልተከፈተ ግልባጭ፣ ግልባጭ ነው አይባልም። ከዚያም ፍላሹ ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ከተቀመጠ ሌባ ወይም እሳት ሁለቱንም አብሮ ይወስዳል።

ሁለተኛ፦ መብራት ይታሰብበት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ይሁንና በየቢሯችን መብራት ሊጠፋ ይችላል። በእድሳት መሐል መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩ አልነሣም ሊል ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ቻርጀሩም እንደተሰካ ይቆይ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሣጥን ነው። የሚሰጠው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመላለስ በዋለበት ቀን እድሳት አይጀመር።

ሦስተኛ፦ ቦታና ጊዜ ይኑር። እድሳቱ ማረፊያ ይፈልጋል። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ አይገባም። ኢንተርኔትም ይበላል። በሞባይል ካርድ ከተጀመረ ጥቅሉ መሐል ላይ ሊያልቅ ይችላል። ደግሞም ባለጉዳይ በተሰለፈበት ሰዓት አይጀመር። ከሥራ በኋላ ይሻላል፤ ሰው ግን አጠገቡ ይኑር።

አራተኛ፦ ቁልፉ ይታወቅ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ የታመመ ቀን መሥሪያ ቤቱ ተቆለፈ ማለት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ከእድሳት በኋላ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ካልተገኘ ሰነዱ አይከፈትም። አስቀድሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ።

አምስተኛ፦ እድሳቱ ከምንጩ ይምጣ። የሚጀመረው ከራሱ ከዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሲከፈት «ቶሎ እዚህ ተጫን» እያለ ብቅ የሚለውን አትመኑ። ማንነቱን የማታውቁት ሰው በፍላሽ ያመጣውንም አትቀበሉ።

እድሳቱ ከተጀመረ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። «ቆመ እኮ!» ብላችሁ ማጥፊያውን አትጫኑ። ሲያልቅ ሰነዱ ይከፈት፤ ማተሚያው ይሞከር፤ አማርኛም ወላይትኛም መጻፉ ይታይ። ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግሮ ችግር የገጠመው፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል።

ዊንዶውስ 10ን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ማይክሮሶፍት ለዚህ ፕሮግራም በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። ጣሪያውን የሚጠግን ግን ቀረ ማለት ነው። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን አይችሉትም። ለእነሱ ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሌላ ሲስተም አለ። ወደዚያ ለመሻገርም መጀመሪያው ሥራ ያው መገልበጥ ነው።

አድማጮቻችን፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር አትነኩም ይሆናል። ግን የማኅበር አባል ናችሁ፤ የተማሪ ወላጅ ናችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦

መዝገባችን ተገልብጧል ወይ?
ግልባጩ የት ተቀመጠ?
ተከፍቶ የታየው መቼ ነው?

ጸሐፊው ቢቆጣ አትፈሩ። ንጹሕ ሠራተኛ በዚህ ጥያቄ አይከፋም። ሦስቱን ጥያቄዎች አሁን በደብተራችሁ ጻፏቸው። ጽፋችሁ ስትጨርሱም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለጎረቤት አንብቡ።

ለዛሬው በዚህ እናበቃለን። ደኅና ሰንብቱ።